ወንጀልንና ፍትሕን በዲግሪ ማጥናት

ክሪሚኖሎጂ ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም፣ ማን እንደሚፈጽመው፣ በማን ላይ እንደሚደርስና ኅብረተሰቡ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። የወንጀል ፍትሕ ጥናት ደግሞ ምላሽ ሰጪዎቹን ተቋማት ይመረምራል፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት እንዴት እንደሚሠሩና ሥራቸው ምን ውጤት እንዳመጣ ይመዝናል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን አጣምረው በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ። ትምህርቱ በአሜሪካ አራት ዓመት፣ በእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል።

ዘርፉ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል። አንደኛው ሕግ ነው። ሰው ተገደለ ቢባል የሕግ ተማሪው ድርጊቱ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ሥር የሚወድቅ ከባድ የሰው ግድያ ነው ወይስ በአንቀጽ 540 መሠረት ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ተራ የሰው ግድያ ብሎ ይጠይቃል፤ የተከሳሹን ሐሳብና የማስረጃውን ብቃት ይመረምራል። የክሪሚኖሎጂ ተማሪ ግን መቶ መዝገብ ጎን ለጎን ይዘረጋል። ግድያ በየትኛው አካባቢ፣ በየትኛው ወቅትና ሰዓት ይበዛል? ገዳይና ሟች ይተዋወቁ ነበር ወይ? መጠጥ፣ የመሬት ክርክር ወይም ቂም ምን ድርሻ ነበረው? ሁለተኛው ጎረቤት ፎረንሲክ ነው። ደም፣ የጣት አሻራና ጥይት የሚመረምረው ባለሙያ በዋናነት የሚወጣው ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ክፍል ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ተማርኮ ወደ ክሪሚኖሎጂ የሚገባ ተማሪ ላቦራቶሪ ሲጠብቅ ስታትስቲክስ ይገጥመዋል።

የዘርፉ አመጣጥ

ስለ ወንጀልና ቅጣት በሥርዓት ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሚላኑ ተወላጅ ቼዛሬ ቤካሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀሎችና ቅጣቶች የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስሙንም አላሰፈረበትም። በዘመኑ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተጠርጣሪን አሠቃይቶ ማናዘዝና ወንጀለኛን በአደባባይ መግደል የተለመደ ነበር። ቤካሪያ ማሠቃየትንም የሞት ቅጣትንም ተቃወመ። ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ መቀጣት እንደማይቀር ማወቁ ነው ሲል ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው ይህን አሳቡን ይደግፋሉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቁጥር መጣ። ፈረንሳይ በ1820ዎቹ የፍርድ ቤቶቿን አኃዝ በየዓመቱ ማሳተም ስትጀምር፣ የቤልጂየሙ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ የወንጀል ቁጥር ከዓመት ዓመት እምብዛም እንደማይለዋወጥ አስተዋለ። እያንዳንዱ ወንጀለኛ ለራሱ ወስኖ ያደረገው ሲደመር እንዲህ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ከግለሰቡ ፈቃድ ውጭ የሆነ ማኅበራዊ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች ወንጀለኛ ሆነው ይወለዳሉ፣ ይህም በራስ ቅላቸው፣ በመንጋጋቸውና በክንዳቸው ርዝመት ይታወቃል አለ። የአገሩ ልጅ ራፋኤሌ ጋሮፋሎ በ1885 ባወጣው መጽሐፍ ርዕስ ዘርፉ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጠው። በ1913 እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ ወንጀለኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር ሎምብሮዞ የጠቀሰውን ልዩ የወንጀለኛ መልክ አላገኘም። የሎምብሮዞ ድምዳሜ ቢወድቅም ታሪኩ ለተማሪ ሁልጊዜ ይነገራል፤ እስረኞችን ብቻ አይቶ ስለ ወንጀለኞች ሁሉ መደምደም ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያልና።

የቺካጎ ተመራማሪዎቹ ክሊፎርድ ሾና ሄንሪ ማኬይ በ1942 ያሳተሙት ጥናት ዓይንን ከሰውየው ወደ ሰፈሩ አዞረ። ከከተማው መሐልና ከፋብሪካዎች አጠገብ ባሉ ድሃ ሰፈሮች የወጣት ጥፋት ለአሥርተ ዓመታት ከፍተኛ ሆኖ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት አንዱ የስደተኛ ማኅበረሰብ ሲወጣ ሌላው ይገባ ነበር። ነዋሪው ተቀያየረ፤ ጥፋቱ ግን ከሰፈሩ አልወጣም።

ዲግሪው ራሱ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፖሊስ መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሊ ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር የተማረ ፖሊስ ያስፈልጋል ብሎ ከ1916 ጀምሮ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር የክሪሚኖሎጂ ኮርሶችን አስጀመረ። ዩኒቨርሲቲው በ1950 ራሱን የቻለ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1976 ዘጋው። በኒውዮርክ ዛሬ በዘርፉ ስሙ የገነነው ጆን ጄይ ኮሌጅ በ1964 የተቋቋመው ለፖሊስ ሳይንስ ነበር። በ1967 የፕሬዚዳንት ጆንሰን ኮሚሽን ፖሊሶች የኮሌጅ ትምህርት እንዲኖራቸው ሐሳብ አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ለትምህርታቸው ገንዘብ ሲመድብ ፕሮግራሞቹ በመላ አሜሪካ ፈሉ። ሁለተኛው የምርምር መንገድ ነው። ፖላንድ ተወልዶ ያደገው ሊዮን ራድዚኖቪች በ1959 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክሪሚኖሎጂ ተቋም አቋቋመ፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱ ከሶሲዮሎጂ ክፍሎች ውስጥ አደገ። የመጀመሪያው መንገድ ተቋማትን የሚያገለግል ባለሙያ፣ ሁለተኛው ተቋማትን የሚጠይቅ ተመራማሪ ለማፍራት ያዘነብላል። ልዩነቱ ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ አለ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓመት

የመጀመሪያው ዓመት መግቢያ ነው። ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ልቦና፣ የሕግ መግቢያና የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት አጠቃላይ ገጽታ ይሰጣሉ። በሁለተኛው ዓመት የወንጀል ንድፈ ሐሳቦች፣ የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ ይመጣሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው ጊዜ የምርጫ ኮርሶች ነው፤ የፖሊስ ሥራ፣ የእስር ቤት አስተዳደር፣ የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ፣ የተጎጂዎች ጥናት፣ የኢንተርኔት ወንጀል፣ ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር፣ ሙስናና የድርጅቶች ወንጀል ይገኙበታል። በመጨረሻው ዓመት ተማሪው በፍርድ ቤት፣ በማረሚያ ቤት ወይም በተጎጂዎች ድጋፍ ድርጅት የተግባር ልምምድ ያደርጋል፤ ወይም የራሱን የመመረቂያ ጥናት ይሠራል።

አንድ ስርቆት፣ ስድስት ማብራሪያ

ንድፈ ሐሳብ የሚጠቅመው አንድን ድርጊት ከብዙ አቅጣጫ ለማየት ነው። የ17 ዓመት ልጅ በታክሲ ግፊያ መሐል ከተሳፋሪ ኪስ ስልክ ወሰደ እንበል። የቤካሪያ ተከታይ ልጁ ጥቅሙንና የመያዝ ዕድሉን አመዛዝኗል ይላል። ኤድዊን ሰዘርላንድ ወንጀል ከቅርብ ሰዎች የሚለመድ ነገር ነው ስለሚል፣ ኪስ ማውለቅን ማን አስተማረው፣ ስልኩንስ ማን ይገዛዋል ብሎ ይጠይቃል። ሮበርት መርተን በ1938 እንደጻፈው ማኅበረሰቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት የስኬት ግብ አስቀምጦ ለብዙዎች መንገዱን ሲዘጋ፣ አንዳንዱ በአቋራጭ ይሄዳል። ትራቪስ ሂርሺ በ1969 ጥያቄውን ገለበጠው፤ ሌሎቹ ለምን አይሰርቁም? መልሱም ቤተሰብ፣ ትምህርትና የነገ ተስፋ አስረው ስለያዟቸው ነው የሚል ነበር። ሃዋርድ ቤከር በ1963 ያተኮረው ከተያዘ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው፤ አንዴ «ሌባ» የተባለ ልጅ ሥራም ጓደኛም ሲያጣ ስሙን ይመስላል። ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን ደግሞ በ1979 ሦስት ነገሮችን ብቻ ቆጠሩ። ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ ለመስረቅ የሚመች ዕቃና የጠባቂ አለመኖር በአንድ ሰዓትና ቦታ ሲገናኙ ወንጀል ይፈጸማል።

ክርክሩ ለፈተና ብቻ አይደለም፤ መፍትሔው የሚወለደው ከማብራሪያው ነው። አንዱ የመያዝን ዕድል ማሳደግ፣ ሌላው የተሰረቀ ስልክ ገዢዎችን መከታተል፣ ሌላው ለወጣት ሥራ መፍጠር፣ ሌላው ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ መያዝ፣ ሌላው ቀላል ጥፋትን ከፍርድ ቤት ውጭ መጨረስ፣ የመጨረሻው የታክሲ ሰልፉን ማስተካከል ይሻል ይላሉ። ተማሪው እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚሰናከልም ማሳየት አለበት። ድህነት ወንጀልን ያመጣል የሚለው፣ ሀብታሙ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ለምን እንደሚያጭበረብር አያስረዳም። ሰዘርላንድ በ1949 የ70 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሕግ ጥሰት ዘርዝሮ ያሳተመው ይህን ለማሳየት ነው። አሳታሚው ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አስወጣ፤ ሙሉው ቅጂ የታተመው በ1983 ነው።

ያልተቆጠረው ወንጀል

ያው ስልክ የወንጀል አኃዝ እንዴት እንደሚሠራም ያሳያል። የስልኩ ባለቤት ከታክሲ ከወረደች በኋላ ስልኩን ስታጣው መሰረቁን ወይም መውደቁን እርግጠኛ ላትሆን ትችላለች። ተሰርቋል ብትልም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመላለስ ከስልኩ ዋጋ በላይ መስሎ ከታያት ትተወዋለች። አብሮ የሄደውን መታወቂያ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ ቢያስፈልጋት ትሄድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ እንደ ጠፋ ንብረት ሊመዘገብ ይችላል። በስርቆት ቢመዘገብ ተጠርጣሪ ላይገኝ፣ ቢገኝ ማስረጃ ላይበቃ፣ ቢከሰስ ነጻ ሊወጣ ይችላል። በየደረጃው ጉዳዮች ይንጠባጠባሉ። ማረሚያ ቤት የሚደርሰው ከተፈጸመው ጥቂቱ ነው።

ሳይመዘገብ የሚቀረውን ክፍል ባለሙያዎቹ የወንጀል ጨለማ አኃዝ ይሉታል። ፖሊስ የመዘገበው ስርቆት ጨመረ ማለት ስርቆት ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሰዎች በፖሊስ ላይ ያላቸው እምነት ጨምሮ ማመልከት ጀምረው ይሆናል። የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ ዝቅተኛ መሆኑም የአገር ሰላም ምልክት አይደለም፤ ኀፍረትና ፍርሃት አፍ ሊያዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዝም በ1980ዎቹ፣ ቤት ለቤት ሄዶ «ባለፉት ወራት ምን ደረሰብዎ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰፊ የተጎጂዎች ዳሰሳ ጀመሩ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የፖሊሱን መዝገብና የዳሰሳውን ውጤት ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን መተርጎም ይማራል።

የታመነውን መፈተን

የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ሁሉም እውነት ነው የሚለውን በማስረጃ መመዘን ነው። ፖሊስ በመኪና እየዞረ ከታየ ወንጀል ይቀንሳል የሚለው እምነት ለብዙ ዘመን ማንም ያልጠየቀው ነበር። በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ ፖሊስ ከ1972 እስከ 1973 ለአንድ ዓመት ፈተነው። 15 የቅኝት ቀጣናዎች በሦስት ተከፈሉ። በአምስቱ ፖሊስ ጥሪ ሲደርሰው ብቻ እንዲገባ፣ በአምስቱ እንደ ወትሮው አንድ መኪና እንዲዞር፣ በቀሩት አምስት ደግሞ ቅኝቱ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ እንዲሆን ተደረገ። በመጨረሻ በወንጀል መጠንም ሆነ በነዋሪው ፍርሃት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ነዋሪዎቹም የቅኝቱን መብዛትና ማነስ አላስተዋሉም ነበር።

ውጤቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፖሊስ አያስፈልግም ማለት አልነበረም፤ በሁሉም ቀጣና ጥሪ ሲመጣ ፖሊስ ይደርስ ነበር። 15 ቀጣናም ትንሽ ናሙና ነው። ኋላ በሚኒያፖሊስ ሎውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ ወደ ፖሊስ ከሚደወለው ጥሪ ግማሹ ከ3 በመቶ አድራሻዎች ብቻ እንደሚመጣ በ1989 አሳዩ። ቅኝቱ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ሲያተኩር ጥሪው ቀነሰ። እንግዲህ ከፖሊሱ ቁጥር ይልቅ የሚቆምበት ቦታ ለውጥ አመጣ ማለት ነው።

በጎ ሥራም ከፈተና አያመልጥም። በማሳቹሴትስ ከ1939 ጀምሮ 506 ወንዶች ልጆች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለዓመታት አማካሪ፣ ተጨማሪ ትምህርትና የበጋ ካምፕ ተሰጣቸው። ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ከ30 ዓመት በኋላ ተከታትላ በ1978 እንዳሳተመችው፣ እርዳታ ያገኙት ካላገኙት የተሻሉ አልነበሩም፤ በአንዳንድ መለኪያማ የባሱ ሆነው ተገኙ። ከእርዳታው ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ግን ፕሮግራሙ እንደጠቀማቸው ይናገሩ ነበር። ተማሪው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የተሳታፊዎች ምስጋና ብቻውን የፕሮግራም ማስረጃ እንደማይሆን ነው።

የፍትሑ ክፍል

ፍትሕን የሚመለከቱት ኮርሶች የሚጀምሩት ከቅጣት ዓላማ ነው። ሰው የሚቀጣው ለሠራው ተገቢውን እንዲቀበል ነው፣ ሌላው እንዲፈራ ነው፣ ከኅብረተሰቡ እንዲገለል ነው፣ እንዲታረም ነው ወይስ የበደለውን እንዲክስ? ዓላማዎቹ ይጋጫሉ። ለማስፈራራት የሚሰጥ ረጅም እስራት ማረምን ሊያከብደው ይችላል። ከዚህ ጋር የመብት ጥያቄ ይነሣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹህ እንዲቆጠር ያዝዛል። ምርመራን ማፋጠንና መብትን መጠበቅ እንዴት እንደሚታረቁ ተማሪው በእውነተኛ ጉዳዮች ላይ ይከራከራል።

የኢትዮጵያ ነባር ሥርዓቶች ለዚህ ክርክር ሀብታም ምሳሌ ናቸው። በአውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ፣ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ይቆይ ነበር። ጉዳዩን ጎረቤት እንደሚያውቀው ሥርዓቱ ተረድቷል፤ ሳያጠፋ የተያዘውን ሰው ነጻነት ግን ዋጋ አስከፍሏል። በሌላ በኩል የምዕራባውያን መጻሕፍት የዘመናዊውን የዕርቅና የካሳ ፍትሕ መነሻ በ1974 ካናዳ ውስጥ ኤልማይራ በተባለች ከተማ ያደርጉታል። በዚያ 22 ንብረቶችን ያበላሹ ሁለት ወጣቶች በየቤቱ ሄደው ከተጎጂዎቹ ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገሩና እንዲክሱ ተደርጓል። የኦሮሞ የዕርቅ ሥርዓት ጉማና በየአካባቢው ያለው ሽምግልና ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ይህንኑ መንገድ ያውቁታል። ሆኖም የተጎጂዋ ድምፅ ሳይሰማ ሽማግሌዎች የሚጨርሱት የጠለፋ ጉዳይ ዕርቅ ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ አይታለፍም። ቀድሞ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ነጻ ያደርገው ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ ዘግቶታል።

ትምህርቱ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ወደ ዘርፉ የሚያስገቡት በሮች ሦስት ናቸው፤ በሰንዳፋ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሶሲዮሎጂ ክፍሎችና የሕግ ትምህርት ቤቶች። ከሁሉም ሥር የሰደደው ሕጉ ነው፤ የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሆኖም በቅርብ ዓመታት የወጡት ሰነዶች ከአንቀጽ ትርጓሜ ያለፈ ዕውቀት ይፈልጋሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል፤ በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ደግሞ ከመደበኛ ክስ ውጭ ያሉ አማራጮችንና የጥፋተኝነት ድርድርን አስተዋውቋል። መመሪያው ለተመሳሳይ ጥፋት ተመሳሳይ ቅጣት አስገኝቷል ወይ? ከማረሚያ ቤት ከወጡት ማን ተመልሶ ይገባል? እነዚህን የሚመልሰው መዝገብ ቆጥሮ፣ ሰው አነጋግሮ የሚሠራ ጥናት ነው።

ከምረቃ በኋላ

ተመራቂዎች በፖሊስ፣ በማረሚያ ቤት፣ በአመክሮ ክትትል፣ በፍርድ ቤት አስተዳደር፣ በድንበር ቁጥጥር፣ በተጎጂዎች ድጋፍና በምርምር ተቋማት ይቀጠራሉ። ባንኮችና የመድን ድርጅቶችም ማጭበርበርንና ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን ለመከታተል ይፈልጓቸዋል። ዲግሪው ጠበቃ አያደርግም፤ ለዚያ የሕግ ዲግሪና ፈቃድ ያስፈልጋል። መርማሪ ፖሊስም አያደርግም፤ ፖሊስ የራሱ ሥልጠና አለው። ተመራማሪነትን የሚሹ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይቀጥላሉ።

ይህን ትምህርት ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የፕሮግራሙን ስም ትቶ የኮርሶቹን ዝርዝር ያንብብ። የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ ካለበት፣ የተጎጂና የተከሳሽ መብት ከተካተተበት፣ የተግባር ልምምድም ካለው ዓመታቱ አይባክኑም። እነዚህ ከሌሉት፣ ስለ ወንጀል አስቀድሞ የነበረውን አስተያየት በዲግሪ አስጊጦ ከመውጣት በቀር የሚያተርፍለት የለም።